የካርቴልና የማፊያ ፊልሞች፦ ለጠየቃችሁን መልስ

ባለፈው እትም ስለ ኮሎምቢያና ስለ ሜክሲኮ ተከታታይ ፊልሞች ከጻፍን ወዲህ ብዙ ደብዳቤ ደርሶናል። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርገናል። ሰፊ መልስ የሚፈልገውን አስፍተን፣ በጥቂት መስመር የሚያልቀውን በጥቂት መስመር ጨርሰናል። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ናርኮስ»ን ሁለት ጊዜ ጨርሼዋለሁ። ጓደኞቼ «ያየኸው ሁሉ የሆነ ነገር ነው፤ የእውነቱን ቪዲዮ እያስገቡ ያሳዩህ የለ?» ይሉኛል። እኔ ግን አንዳንዱ አልዋጥልህ አለኝ። ምን ያህሉ እውነት ነው? (ከሐዋሳ)

የጓደኞችዎን መከራከሪያ ያቀበላቸው ፊልሙ ራሱ ነው። በኦገስት 2015 ኔትፍሊክስ ላይ የወጣው፣ ስለ ኮሎምቢያዊው የኮኬይን ነጋዴዎች አለቃ ስለ ፓብሎ ኤስኮባር የሚተርከው ይህ ተከታታይ በየመሃሉ የዘመኑን የዜና ምስል ይሰነቅራል። ተመልካች እውነተኛውን ሚኒስትር ወይም እውነተኛውን ፍንዳታ ካየ በኋላ ተዋንያኑ ሲመጡ ዓይኑን አይለውጥም፤ ሁለቱንም እኩል ያምናል። ክፍሉ ሲጀምር አንዳንድ ሰዎችና ድርጊቶች ለድራማ ሲባል መለወጣቸውን የሚናገር ጽሑፍ አለ። በአማርኛ እየተተረከ የሚዞረውን ቅጂ ያዩ ከሆነና መግቢያው ተቆርጦ ከሆነ ይህን ማስጠንቀቂያ አላገኙትም ማለት ነው።

አጽሙ እውነት ነው። የፍትሕ ሚኒስትሩ ሮድሪጎ ላራ ቦኒያ ኤፕሪል 30 ቀን 1984 ተገደለ። የፕሬዚዳንትነት እጩው ሉዊስ ካርሎስ ጋላን ኦገስት 18 ቀን 1989 ሶአቻ ላይ ሕዝብ በተሰበሰበበት ተመታ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር 27 ከቦጎታ ወደ ካሊ የተነሣው የአቪያንካ አውሮፕላን አየር ላይ ፈነዳ፤ የተሳፈሩት 107 ሰዎችና ምድር ላይ የነበሩ 3 ሰዎች አለቁ። ኤስኮባር ራሱ ካሠራው «ላ ካቴድራል» እስር ቤት በጁላይ 1992 ወጥቶ ሄደ፤ ዲሴምበር 2 ቀን 1993 ሜዴሊን ውስጥ ጣሪያ ላይ ተገደለ። እነዚህን ቀናት ይዘው ቢከራከሩ አይረቱም።

ሥጋው ላይ ግን ብዙ ተቀጥሏል። ኮሎኔል ካሪዮ የሚባለው ሰው የለም። ኤስኮባርን ሲያሳድድ የነበረውን የፖሊስ ጓድ የመሩት ሁጎ ማርቲኔስ ነበሩ፤ ካሪዮ በፊልሙ ይሞታል፣ ማርቲኔስ ግን ከኤስኮባር በኋላ ከ25 ዓመት በላይ ኖረዋል። ጋዜጠኛዋ ቫሌሪያ ቬሌስ በቪርሂኒያ ቫዬሆ አምሳል የተፈጠረች ናት፤ በፊልሙ ትገደላለች፣ ቫዬሆ ግን ከኤስኮባር ሞት በኋላ የራሷን መጽሐፍ ጽፋለች። በ1985 ኤም-19 የተባለው የሽምቅ ቡድን የፍትሕ ቤተ መንግሥቱን (የጠቅላይ ፍርድ ቤቱን ሕንፃ) የያዘው በኤስኮባር ገንዘብ ነው የሚለውን ፊልሙ እንዳለቀለት ነገር ያሳያል። ኮሎምቢያ ውስጥ ግን ዛሬም የሚያከራክር ጉዳይ ነው። የኤስኮባር ልጅ ደግሞ ሁለተኛው ምዕራፍ ሲወጣ 28 ስሕተቶች ቆጥሮ አሳትሟል። ልጅ ስለ አባቱ የሚለውን ሁሉ መቀበል የለብንም፤ ሆኖም ስለ እናቱና ስለ አጎቶቹ የዘረዘረው ለማመሳከር ይጠቅማል።

እኛ አንድ ጥያቄ ሁሌ እናስቀድማለን፦ አማካሪ ሆኖ የተከፈለው ማን ነው? በ«ናርኮስ» አማካሪዎቹ ሁለቱ የአሜሪካ ፀረ አደንዛዥ ዕፅ ወኪሎች ስቲቭ መርፊና ሃቪየር ፔኛ ናቸው። ታሪኩን የሚተርከውም መርፊ ነው። ስለዚህ በድምፅ ጠለፋና በእግር ፍለጋ ኤስኮባር ያለበትን ቤት ያገኙት ኮሎምቢያውያን ፖሊሶች የጀርባ ጌጥ ሆነው ቀሩ። ማን እንደተከፈለ ካወቁ ማን ጀግና እንደሚሆን ገና ሳያዩ መገመት ይችላሉ።

ራስዎ ማጣራት ከፈለጉ ከአንድ ክፍል ቀንና ቦታ ያላቸውን ሦስት አራት ድርጊቶች ይምረጡ፤ ከዚያ የዚያን ሰሞን የ«ኤል ቲየምፖ» ወይም የ«ኤል ኤስፔክታዶር» ጋዜጣ ማኅደር ይፈልጉ። ስፓኒሽ ባይችሉም የማሽን ትርጉም ለዚህ ይበቃል። ቀን የሌለው ነገር፣ በተለይ ሁለት ሰዎች ብቻቸውን ክፍል ውስጥ የተነጋገሩት፣ የደራሲው ፈጠራ ነው ብለው ቢነሡ ብዙ አይሳሳቱም። ቁጥርም እንዲሁ ምንጩ ይጠየቃል። «አይጥ የበላው ገንዘብ ብቻ በዓመት ይህን ያህል ነበር፣ ለላስቲክ ማሰሪያ በወር 2,500 ዶላር ይወጣ ነበር» የሚለውን ሁሉም ይደጋግመዋል። የመጣው ግን ሒሳብ ያዥ ከነበረው ወንድሙ ከሮቤርቶ ኤስኮባር መጽሐፍ ነው፤ የመረመረው ኦዲተር የለም።

ሌላ ዓይን ከፈለጉ በ2012 ካራኮል የተባለው የኮሎምቢያ ጣቢያ የሠራውን «ኤስኮባር፣ ኤል ፓትሮን ዴል ማል» የሚል ረጅም ተከታታይ ይፈልጉ። ከአዘጋጆቹ አንዱ ካሚሎ ካኖ ነው፤ አባቱን ጊዬርሞ ካኖን፣ የ«ኤል ኤስፔክታዶር»ን ዋና አዘጋጅ፣ ኤስኮባር በ1986 አስገድሎበታል። ሌላዋ ሁዋና ኡሪቤ ከጋላን ቤተሰብ ናት፤ እናቷም ታግታ ነበር። በምስል ጥራት ከ«ናርኮስ» ያንሳል፣ አንዳንዴም ይንዛዛል፤ የሚገደሉት ሰዎች ግን ከመሞታቸው በፊት ስም፣ ቤትና ሥራ አላቸው። በተጨማሪ የ«ናርኮስ» ኤስኮባር፣ ዋግነር ሞውራ፣ አፉን በፖርቱጋልኛ የፈታ ብራዚላዊ ነው፤ ስፓኒሽ የተማረው ለዚሁ ሥራ ነው። ኮሎምቢያውያን በአነጋገሩ ሲስቁበት እኛ ከታች ያለውን ጽሑፍ እያነበብን አልፈነዋል።

ፊልሙ ሲያልቅ በጥቁር መደብ ላይ የሚወጣው ጽሑፍስ? እሱ እንኳ ይታመናል አይደል? (ከደሴ)

ሁልጊዜ አይደለም። በ2007 የወጣው «አሜሪካን ጋንግስተር» የሄሮይን ነጋዴውን የፍራንክ ሉካስን ታሪክ ይዞ መጨረሻ ላይ አንድ ጽሑፍ ያወጣል፤ ሉካስ ከአቃቤ ሕጉ ጋር ተባብሮ በኒው ዮርክ የዕፅ መቆጣጠሪያ መሥሪያ ቤት ካሉት ሦስት አራተኛው እንዲፈረድባቸው አደረገ ይላል። የቀድሞ ወኪሎች ከሰሱ። ዳኛዋ ክሱን ዘጉት፤ ጽሑፉ ትክክል አለመሆኑን ግን ሳይናገሩ አላለፉም። የመዝጊያ ጽሑፍ ላይ ፍርድ ቤት፣ ቀንና የቅጣት ዓመት ካለ ማጣራት ይቻላል። «ብዙዎች»፣ «አብዛኞቹ»፣ «ሦስት አራተኛው» ካለ ይጠርጥሩ።

ዱባይ ነኝ፣ ሥራዬ የሌሊት ነው፤ ጊዜዬ ትንሽ ነው። ድራማውን ጠግቤዋለሁ። ከዘጋቢ ፊልሞች በየትኛው ልጀምር? (አንድ አንባቢ)

ኳስ ከወደዱ «ዘ ቱ ኤስኮባርስ» (2010) ይሁን። አንዱ ኤስኮባር ፓብሎ ነው፤ ሌላው በ1994 የዓለም ዋንጫ ጁን 22 ከአሜሪካ ጋር ሲጫወቱ በራሱ ግብ ላይ ያስቆጠረው ተከላካይ አንድሬስ። ከ10 ቀን በኋላ ሜዴሊን ውስጥ በጥይት ተገደለ። ፊልሙ ጥሩ የሚሆነው አትሌቲኮ ናሲዮናል በ1989 የደቡብ አሜሪካን ዋንጫ ሲያነሣ ከጀርባው የነበረውን የዕፅ ገንዘብ ሲከታተል ነው። ተጫዋቾቹ ራሳቸው ይናገራሉ፤ አንዳንዱ እያፈረ፣ አንዳንዱ እየሳቀ።

ቀጥለው «ፔካዶስ ዴ ሚ ፓድሬ» (የአባቴ ኃጢአት፣ 2009)ን ይዩ። የኤስኮባር ልጅ የላራ ቦኒያንና የጋላንን ልጆች ፊት ለፊት ያገኛል። ተኩስ የለበትም፤ የከበደውም ለዚህ ነው።

ወደ ሜክሲኮ ሲሻገሩ «ናርኮ ኩልቱራ» (2013) እና «ካርቴል ላንድ» (2015) አሉ። የመጀመሪያው ሁለት ሰው ይከተላል፦ ሲውዳድ ሁዋሬስ ውስጥ ሬሳ የሚያነሣ የፎረንሲክ ሠራተኛና ሎስ አንጀለስ ተቀምጦ ለነፍሰ ገዳዮች የውዳሴ ዘፈን እየተከፈለው የሚጽፍ ዘፋኝ። በ2010 ሁዋሬስ ውስጥ ከ3,000 በላይ ሰው ተገደለ፤ ከወንዙ ማዶ ባለችው የአሜሪካዋ ኤል ፓሶ በዚያው ዓመት የተገደሉት 5 ናቸው። ዘፋኙ ከተማዋን ሳያውቃት የሚዘፍንላት መሆኑ ቀስ እያለ ይገባል። ሁለተኛው በሚቾአካን ካርቴሉን ለመከላከል የታጠቁ ነዋሪዎችንና መሪያቸውን ሐኪሙን ሆሴ ማኑዌል ሚሬሌስን ይከተላል። ከግማሽ በኋላ ታጣቂዎቹ ውስጥ ማን ሰርጎ እንደገባ ሲታይ ሁሉም ነገር ይገለበጣል። ፊልሙ በአሜሪካዋ አሪዞና ድንበር የሚጠብቁ ታጣቂዎችንም ጎን ለጎን ያሳያል፤ ይህ የአሪዞናው ክፍል ግን ከሚቾአካኑ ጋር ሊመዛዘን አይችልም፤ አዘጋጁ ሁለቱን እኩል ለማስኬድ መሞከሩን አልወደድነውም። ሁለቱም ፊልሞች የተቆረጠ አካል ያሳያሉ፤ ከሥራ መልስ ከመተኛትዎ በፊት ባያዩዋቸው ይሻላል።

የፊልም ተማሪ ነኝ። ከሊቢያ የተመለሱ ወጣቶችንና አንድ የቀድሞ ደላላን የያዘ የ20 ደቂቃ ዘጋቢ ፊልም ለመመረቂያ እየሠራሁ ነው። ፊታቸውን ማሳየት አይፈልጉም። ኤዲቲንግ ላይ ብዥ ባደርገው አይበቃም? (ከአዲስ አበባ)

አይበቃም። ካርዱ ቢጠፋ፣ ቢሰረቅ ወይም ቢወሰድ ውስጡ ያለው ጥርት ያለ ፊት ነው። መደበቅ የሚጀምረው ካሜራው ሳይበራ ነው።

ሰውየውን ከግድግዳው 2 ሜትር ያህል አርቀው ያስቀምጡት፤ መብራቱን ግድግዳው ላይ ብቻ ያብሩ። ከፊቱ በኩል ምንም መብራት አይኑር። ካሜራውን ማንዋል ላይ አድርገው ብርሃኑን ለግድግዳው ይለኩ። አውቶማቲክ ላይ ከተዉት ካሜራው የጨለመውን ፊት «ላስተካክል» ብሎ ብርሃን ይጨምራል፤ ሥራዎ በዚያች ቅጽበት ይበላሻል። ቀጥሎ የሚያጋልጠው ተንጸባርቆ የሚመለስ ብርሃን ነው፦ ከፊት ያለ ነጭ ግድግዳ፣ ጠረጴዛ ላይ ያለ ወረቀት፣ የእርስዎ ነጭ ሸሚዝ ጭምር። ጥቁር ጨርቅ ይጋርዱ፣ ጥቁር ይልበሱ። ከዚያ 10 ሰከንድ ቀርጸው ላፕቶፕ ላይ ይክፈቱና ብርሃኑንና ጥላውን እስከ ጥግ ይግፉት። ዓይን ወይም ከንፈር ከታየ አልተደበቀም፤ ተመልካችም ያንኑ ማድረግ ይችላል። ይህን ሙከራ ቃለ መጠይቁ ካለቀ በኋላ የሚያደርጉ ሰዎች አሉ፤ ያኔ ሰውየውን ሁለተኛ እንዲናገር መለመን ይመጣል።

ከጎን የሚታይ ጥላ ራሱ አፍንጫና አገጭ ይናገራል። ሻርፕ፣ ኮፍያ ወይም ነጠላ ያስደርጉ፤ ግን የራሳቸውን አይሁን፤ የነጠላ ጥለት ሰፈር ውስጥ ይታወቃል። የአንገት ማተብ፣ ቀለበት፣ ንቅሳት፣ የተሰነጠቀ የስልክ መስታወት ሁሉ ይነሣ። ከሊቢያ በተመለሱ ሰዎች ላይ ደግሞ ከባዱ ጠባሳው ነው። እርስዎ መቅረጽ የሚፈልጉት እሱን ነው፤ እናት ልጇን የምታውቀውም በእሱ ነው። ጠባሳውን ካሳዩ ከድምፁና ከታሪኩ ጋር በአንድ ትዕይንት አያገናኙት።

ብዥ ማድረግ ግዴታ ከሆነ ሞዛይክ ከሚባለው በትንንሽ አራት ማዕዘን ከሚሰባብረው ይልቅ ድፍን ጥቁር ቅርጽ ይመረጣል። ሞዛይኩ ከሥሩ ያለውን ቀለም አማካይ ወስዶ ያስቀምጣል፤ ሰውየው ሲንቀሳቀስ ከብዙ ምስሎች ተሰብስቦ ፊቱን መገመት የሚቻልበት ጊዜ አለ። ከዚያ በላይ የሚያጋልጠው መከታተያው፣ ማለትም ጭንብሉን ከፊቱ ጋር የሚያንቀሳቅሰው የኤዲቲንግ መሣሪያ፣ መንሸራተቱ ነው። በሰከንድ 25 ምስል ከሆነ አንድ ደቂቃ 1,500 ምስል ነው፤ ከእነዚህ በአንዱ ጭንብሉ ወደ ጎን ቢንሸራተት አንድ ሰው አቁሞ ፎቶ ያነሣዋል። ስለዚህ የተሸፈኑትን ክፍሎች ምስል በምስል ይዩ። ያሰለቻል፤ ሌላ መንገድ ግን የለውም።

ድምፅን ማወፈርና ማቅጠን ምንም አይደብቅም፤ ወደ ነበረበት ለመመለስ አንድ ቁልፍ ይበቃል። የሚሻለው ሌላ ሰው ቃሉን እንዳለ ደግሞ እንዲናገረውና የመጀመሪያው ድምፅ ከፊልሙ ጨርሶ እንዲወጣ ነው። ተኪው ትንፋሹንና ዝምታውን ጭምር ይከተል፤ ካልሆነ ዜና ማንበብ ይሆናል። አነጋገርም አለ፤ የጎጃም ወይም የወሎ ለዛ ከመንደር ስም እኩል ሊያጋልጥ ይችላል።

የስልክ ካሜራ ከተጠቀሙ የቦታ መጠቆሚያውን ያጥፉ። በዲሴምበር 2012 አንድ የአሜሪካ መጽሔት ከፖሊስ ይሸሽ የነበረውን የኮምፒውተር ፀረ ቫይረስ ሠሪውን የጆን ማካፊን ፎቶ ድረ ገጹ ላይ አወጣ፤ ፎቶው ውስጥ የተሸሸገው የጂፒኤስ ቁጥር ጓቲማላ ውስጥ ያለበትን ቦታ አሳበቀ፤ በቀናት ውስጥ ተያዘ። ካርድን ፎርማት ማድረግም ማጥፋት አይደለም፤ በነጻ በሚገኝ ፕሮግራም ይመለሳል። ጥሬውን ቅጂ በይለፍ ቃል የተቆለፈ ዲስክ ላይ ያስቀምጡ፤ የእውነተኛ ስም ዝርዝሩ ግን ከዲስኩ ጋር አንድ ቦርሳ ውስጥ አይግባ።

ፊትና ድምፅ ተደብቆ ታሪኩ ራሱ ሰውን ሲያጋልጥ ብዙ ጊዜ ይታያል። የተከፈለው ማስለቀቂያ ልክ፣ ጀልባዋ የተነሣችበት ቀን፣ «ከወንድሜ ጋር ሄጄ ብቻዬን ተመለስኩ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ለዘመድ ይበቃል። ቁጥሩን ያድበስብሱ፣ ቀኑን ወር ያድርጉት፣ ከዚያ ፊልሙ ከመታየቱ በፊት ለሰውየው ያሳዩት። «ይህችን አውጣት» ካለ ትውጣ። ለደላላው ደግሞ «ማንም አያገኝህም» ብለው ቃል አይግቡ፤ ፍርድ ቤት ቢጠይቅዎ ምን እንደሚያደርጉ ከመቅረጽዎ በፊት ከሕግ ባለሙያ ጋር ተነጋግረው የሚጠብቁትን ብቻ ይንገሩት።

የተቀረጸ ምስል ቢያንስዎ ድርጊቱን በተዋንያን ማስተወን ይቻላል፤ ስክሪኑ ላይ «የተተወነ» ብለው ይጻፉ። በ1996 ካርልተን የተባለው የብሪታንያ ጣቢያ «ዘ ኮኔክሽን» የሚል ዘጋቢ ፊልም ሠርቶ ከኮሎምቢያ ወደ ለንደን አዲስ የሄሮይን መንገድ አገኘሁ አለ፤ ሽልማትም ሰበሰበ። በ1998 «ዘ ጋርዲያን» ሲመረምረው የካርቴል ሰዎች የተባሉት ተከፍሏቸው የተወኑ ሆኑ፤ «ምስጢራዊ ቦታ» የተባለውም የአዘጋጁ የሆቴል ክፍል ነበር። ተቆጣጣሪው 2 ሚሊዮን ፓውንድ ቀጣው።

ሲያጥርዎ ምን ማድረግ እንደሚቻል ማየት ከፈለጉ የጃንፍራንኮ ሮዚን «ኤል ሲካሪዮ፣ ሩም 164» (2010) ይመልከቱ። አንድ ሰው፣ አንድ የሞቴል ክፍል፣ ፊት ላይ ጥቁር መሸፈኛ። የቀድሞው ነፍሰ ገዳይ እየተናገረ በማርከር ደብተር ላይ ይሥላል፤ መኪናውን፣ ቤቱን፣ ሰው የቆመበትን። ካሜራው ከእጁና ከወረቀቱ ሌላ ብዙም አይፈልግም። ለ20 ደቂቃ ፊልም አንድ ደብተርና አንድ ማርከር በጀትዎን አይጎዱም።

ፊልም ላይ የሚስቡት ነጭ ዱቄት ምንድነው? (ስም ያልጻፈ)

ብዙ ጊዜ የላክቶስ ዱቄት (ከወተት የሚወጣ ስኳር) ወይም ኢኖሲቶል የሚባል ቫይታሚን መሰል ዱቄት ነው። የዱቄት ወተትም ይሠራል፤ እርጥበት ካለ ግን ይቋጠራል። አንዳንዴ የመሳቢያውን ቱቦ ውስጡን ቫዝሊን ይቀቡታል፤ ዱቄቱ አፍንጫ ከመድረሱ በፊት ተጣብቆ ይቀራል። ይህ ካልተደረገና ትዕይንቱ ደጋግሞ ከተቀረጸ ተዋናዩ ሳንባው ይታወካል፤ በብሮንካይተስ የታመመ ስመ ጥር ተዋናይ አለ። የስንዴ ዱቄት አይሞከርም። በነገራችን ላይ እሽጎቹን ተመልከቱ፤ አንዱ 1 ኪሎ ነው ከተባለ 40 እሽግ የያዘ ሻንጣ በአንድ እጅ እየተወዛወዘ መሄድ የለበትም። አብዛኛው ተዋናይ እዚህ ላይ ይያዛል።

በሒሳብ ሥራ ላይ ነኝ። ሁሉም ፊልም ጠመንጃ ያሳያል፤ ገንዘቡ እንዴት እንደሚታጠብ የሚያሳይ ግን አጣሁ። ለምንድነው? ያለስ አለ? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

ወረቀት መቅረጽ ስለሚያስቸግር ነው። እኛ ግን አንድን የካርቴል ፊልም የምንመዝነው እዚህ ላይ ነው፦ ብሩ የት ገባ ብሎ ይጠይቃል ወይስ ክምሩን አሳይቶ ያልፋል?

ከክብደቱ ይነሡ። አንድ የዶላር ኖት 1 ግራም ነው። 1 ሚሊዮን ዶላር ባለ መቶ ከሆነ 10 ኪሎ፣ ጎዳና ላይ እንደሚሰበሰበው ባለ ሃያ ከሆነ 50 ኪሎ ይመዝናል። ፊልም ላይ 5 ሚሊዮን ይዞ በአንድ የእጅ ቦርሳ ደረጃ የሚወጣው ሰው፣ ባለ መቶ እንኳ ቢሆን፣ አንድ ኩንታል ጤፍ ለሁለት ከፍሎ ግማሹን በአንድ እጁ አንጠልጥሏል ማለት ነው። የነጋዴው ራስ ምታት ይህ ክምር ነው፤ ዕፁን ከማስገባት ገንዘቡን ማስወጣት ይከብደዋል። በአሜሪካ ከ1970 ጀምሮ ባለው ሕግ ባንክ ከ10,000 ዶላር በላይ ጥሬ ገንዘብ ሲቀበል ሪፖርት ያደርጋል። ስለዚህ ብዙ ሰው ከዚያ በታች እየቆራረሰ ያስገባል፤ መቆራረሱ ራሱ ወንጀል መሆኑን ፊልሞቹ ይረሱታል።

ኮሎምቢያውያን የተጠቀሙበትን ዋናውን መንገድ እርስዎ ወዲያው ይገባዎታል። ነጋዴው ዶላር ያለው ማያሚ ነው፣ የሚፈልገው ፔሶ ሜዴሊን ነው። ማቀዝቀዣ ለማስመጣት ዶላር የሚፈልግ አስመጪ ደግሞ ፔሶው ያለው ሜዴሊን ነው። ደላላው መሃል ይገባል፦ የአስመጪውን ፔሶ ለዕፅ ነጋዴው ሜዴሊን ላይ በቅናሽ ይከፍላል፣ የማያሚውን ዶላር ለማቀዝቀዣ ሻጩ ይሰጣል። ድንበር የተሻገረ ገንዘብ የለም፤ የተሻገረው ማቀዝቀዣው ነው። አሠራሩ ዶላሩ ዲሲ ቀርቶ ብሩ አዲስ አበባ ከሚከፈልበት ሐዋላ ጋር አንድ ነው፤ ልዩነቱ የገንዘቡ ምንጭ ነው። መርማሪዎች የሚቸገሩትም ማቀዝቀዣ የሸጠው ሰው ብዙ ጊዜ ምንም ስለማያውቅ ነው።

ፊልሙን በተመለከተ «ዘ ኢንፊልትሬተር» (2016) ይጠቅምዎታል። የጉምሩክ ወኪሉ ሮበርት ማዙር ሐሰተኛ ነጋዴ ሆኖ ቢሲሲአይ የተባለው ባንክ ውስጥ ገባ፤ በኦክቶበር 1988 ታምፓ ላይ ሐሰተኛ ሠርግ ተደግሶ ተጠርጣሪዎቹ ተጠሩ። ፊልሙ የያዛቸው ሠርጉ አዳራሽ ውስጥ ነው። በእውነቱ የተያዙት በዋዜማው፣ ለሙሽራው የወንዶች ግብዣ ነው ተብለው ሲወሰዱ ነበር። የባንክ ሠራተኞቹ ስለ ገንዘቡ የሚነጋገሩበት ትዕይንት ከሠርጉ ይበልጣል፤ ማንም አይጮኽም፣ ሁሉም ትሑት ነው።

ከዘጋቢዎቹ ደግሞ «ደርቲ መኒ» በተባለው የኔትፍሊክስ ተከታታይ (2018) ውስጥ «ካርቴል ባንክ» የሚለውን ክፍል ይፈልጉ። ስለ ኤችኤስቢሲ ነው። በዲሴምበር 2012 ባንኩ 1.9 ቢሊዮን ዶላር ከፍሎ ክሱን አስቆመ፤ በእሱ በኩል ቢያንስ 881 ሚሊዮን የዕፅ ዶላር አልፏል ተብሏል። የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ካወጣው ውስጥ ለፊልም የሚመች አንድ ነገር አለ፦ ሜክሲኮ ውስጥ ገንዘብ አስገቢዎቹ ከባንኩ መስኮት ልክ ጋር የሚገጥም ሳጥን አሠርተው ነበር። ከኃላፊዎቹ አንድም የታሰረ የለም።

ሮም የምኖር ኢትዮጵያዊ ነኝ። እዚህ ስለ ካሞራና ስለ ኮዛ ኖስትራ ሁልጊዜ ፊልም አለ። የትኛውን ማመን ይቻላል? እኛ ስላለፍንበት የሊቢያ መንገድስ እንዲህ ያለ ሥራ አለ? (ከሮም)

ለሲሲሊው ማፊያ ለኮዛ ኖስትራ «ኢል ትራዲቶሬ» (ከሃዲው፣ 2019)፣ ለኔፕልሱ ለካሞራ «ጎሞራ» (2008)። የመጀመሪያው የቶማሶ ቡሼታ ታሪክ ነው። ቡሼታ በ1984 ለዳኛ ጆቫኒ ፋልኮኔ ኮዛ ኖስትራ ከላይ እስከ ታች እንዴት እንደተዋቀረ ዘረዘረ። ከዚያ በፌብሩዋሪ 1986 ፓሌርሞ ውስጥ ለዚሁ በተሠራ የኮንክሪት አዳራሽ ከ470 በላይ ተከሳሾች ቀረቡ፤ በዲሴምበር 1987 በ338ቱ ተፈረደ። ፊልሙ የሚያምረው ፍርድ ቤቱ ውስጥ ነው። ተከሳሾቹ በብረት ፍርግርግ ውስጥ ሆነው ይጮኻሉ፣ ይሳደባሉ፤ ትርምሱ የተጋነነ ቢመስልም የችሎቱን የቴሌቪዥን ቅጂ ያየ ሰው አይገርመውም። ፍርዱ በይግባኝ በጃንዋሪ 1992 ጸና፤ በሜይ 23 ፋልኮኔን ከሚስቱና ከሦስት ጠባቂዎቹ ጋር መንገድ አፈንድተው ገደሉት፤ ከ57 ቀን በኋላ ባልደረባው ፓኦሎ ቦርሴሊኖ ተገደለ።

«ጎሞራ» አለቃ የሌለው ፊልም ነው። ልብስ ሰፊ፣ ቆሻሻ ቀባሪ፣ ደመወዝ አዳይ፣ ጠመንጃ ያገኙ ሁለት ጎረምሶች። የመጽሐፉ ደራሲ ሮቤርቶ ሳቪያኖ ከኦክቶበር 2006 ጀምሮ በፖሊስ ጥበቃ ነው የሚኖረው። በዚሁ ስም የወጣው ተከታታይ ድራማ ሌላ ነገር ነው፤ ይስባል፣ ግን አለቆቹን መልሶ አጀግኗቸዋል።

ለሁለተኛው ጥያቄዎ፦ የ«ጎሞራ» ዳይሬክተር ማቴዎ ጋሮኔ በ2023 «ኢዮ ካፒታኖ»ን ሠርቷል። ሁለት የሴኔጋል ልጆች ከዳካር ተነሥተው በኒጀርና በሰሃራ በኩል ሊቢያ ይገባሉ። የእኛ ልጆች የሚሄዱት በሱዳን በኩል ስለሆነ መንገዱ ይለያል፤ እስር ቤቱ ግን ያው ነው፤ የሚጠየቀው የቤተሰብ ስልክ ቁጥር ነው፣ ቁጥሩ እስኪሰጥ ይደበደባል። ገንዘቡ የሚሰበሰብበትን፣ ማለትም ከስልኩ ማዶ ያለውን ቤተሰብና ደላላ፣ ፊልሙ አያሳይም። እሱን የሚፈልጉ ከሆነ ለጊዜው ከፊልም ይልቅ የፍርድ ቤት መዝገብ ይሻላል። በሰው ማዘዋወር የተከሰሰው ኪዳነ ዘካርያስ ሀብተማርያም በፌብሩዋሪ 2020 አዲስ አበባ ተያዘ፤ ከዓመት በኋላ ችሎት ላይ ሳለ አመለጠ፤ በሌለበት ዕድሜ ልክ ተፈረደበት፤ በጃንዋሪ 2023 ሱዳን ውስጥ እንደገና ተያዘ። በተመሳሳይ ወንጀል የተከሰሰው ተወልደ ጎይቶም ደግሞ በ2021 አዲስ አበባ 18 ዓመት ተፈርዶበት በኦክቶበር 2022 ለኔዘርላንድስ ተላልፏል። ሁለቱም ችሎቶች ላይ ከሊቢያ የተመለሱ ሰዎች ቀርበው መስክረዋል፤ በሊቢያዋ ከተማ ባኒ ዋሊድ ውስጥ የተያዙበትን መጋዘን፣ የተደወለበትን ስልክና የተከፈለውን ገንዘብ የሚናገሩት እነሱ ናቸው።